አውራ ጎዳናውና ፕላኑ፤ የቱሪዝም ፖሊሲ ከፍተኛ ትምህርት ከምዕራብ ጎጃም ሲታይ

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ማለቂያ ላይ በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ዙሪያ የጥይት ድምፅ ያስተጋባ ነበር። ጥር 12 ቀን በኦሜድላ የአገራቸውን ምድር የረገጡት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ሲያቀኑ፣ ከፊታቸው እንግሊዛዊው መኰንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች መንገዱን ያስከፍቱ ነበር። በቡሬ የሠፈረው የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቆ በአውራ ጎዳናው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፣ የካቲት 27 ቀን በደምበጫ አቅራቢያ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጥሞ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ዎጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የተባለችው በዚሁ ጉዞ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1941 ዓመት፣ ከጦርነቱ ገለልተኛ ሆና በቆየችው በስዊስ አገር፣ በበርንና በሳንክት ጋለን ከተሞች ባሉት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ስለ ቱሪዝም የሚመራመሩ ሁለት ተቋሞች ተመሠረቱ። ሁለቱ ሊቃውንት ቫልተር ሁንሲከርና ኩርት ክራፕፍ በተከታዩ ዓመት በጋራ ያሳተሙት መጽሐፍ የትምህርቱ መሠረት ተደርጎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እንግዲህ የሙያችን ትምህርትና ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ይህን ማንሣቴ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የቱሪዝም ፖሊሲና ፕላን ትምህርት በአገራችን እስከ ማስተርስ ዲግሪ ደርሷል፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬም በአገሪቱ ታላላቅ መንገዶች በአንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሆኖም ሁለቱ እኩዮች ሲገናኙ እምብዛም አልታየም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ለምን አልተገናኙም የሚል ነው።

በአገራችን ቱሪዝም የመንግሥት ሥራ ሆኖ የተደራጀው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። በአሜሪካ ተምረው የተመለሱት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን በኃላፊነት ሲረከቡ፣ ሥራውን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በዓለም ላይም ቢሆን ጥቂት ነበር። እርሳቸው የተማመኑት በዓይናቸውና በጆሯቸው ነው። ከዘመን አቆጣጠራችን ተነሥተው «የ13 ወር ፀጋ» የተባለውን መፈክር ፈጠሩ፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ያያያዘውን የታሪካዊ ጉዞ መሥመር ለዓለም አስተዋወቁ። በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት ተብለው መጠራታቸው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ አገራችን የገባው የውጭ አገር ጎብኚ 19 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1973 ከ73 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር።

ነገር ግን የዚያ መሥመር አቀያየስ ልብ ሊባል ይገባዋል። መሥመሩ የተሣለው ከሰማይ ነው። ጎብኚው በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳር ያርፋል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም ያልፋል። በዚያን ጊዜ የነበረውን የመንገድ ችግርና ጎብኚው የሚያሳልፈውን የቀን ብዛት ለሚያስብ ሰው፣ ውሳኔው ጥበብ እንጂ ስሕተት አልነበረም። ሆኖም አውሮፕላኑ ከዓባይ ሸለቆ በላይ እስከ ጣና ድረስ ሲበር፣ ጎጃም በሙሉ በክንፉ ሥር ይቀራል። መሥመሩ አራት ነጥቦች ነበሩት፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው አገር ከመስኮት የሚታይ ሥዕል ሆነ።

ሁለተኛው ነገር የመጀመሪያዎቹ የፕላን ሰነዶች ማን እንደ ጻፋቸው ነው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እድሳት ላይ የሠሩት ኢጣልያዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከሉዊ ሙዠን ጋር ሆነው፣ የኢትዮጵያን ታሪካዊ ሥፍራዎችና ሐውልቶች ለባህል ቱሪዝም ዕድገት ስለማልማት ያዘጋጁትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 ለዩኔስኮ አቀረቡ። በዚያው ዘመን የተጀመረው ሦስተኛው የአምስት ዓመት የልማት ፕላንም ለቱሪዝም ቦታ ሰጠ። የአንጀሊኒና የሙዠን ሥራ ዛሬም ቢነበብ የሚያስከብር ነው። ግን ርእሱ እንደሚያመለክተው የጥናቱ መነሻ ሐውልቱ ነበር፤ ወደ ሐውልቱ የሚሄደው ኢትዮጵያዊ መንገደኛ አልነበረም።

ሦስተኛው በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የምግብ ዝግጅትና ቱሪዝም ማሠልጠኛ ነው። ወጥ ቤቱን፣ አስተናጋጁን፣ የእንግዳ ተቀባዩንና አስጎብኚውን በማሠልጠን ያበረከተው አገልግሎት የማይካድ ነው፤ በየሆቴሉ ያሉ ባልደረቦቻችን ምስክሮች ናቸው። ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በእንግሊዝ አገር የሰሪና የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲዎች በቱሪዝም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀመሩ፤ በአሜሪካም የቴክሳሱ መምህር ክሌር ገን በ1979 ስለ ቱሪዝም ፕላን የታወቀውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በአገራችን ግን እንግዳውን የሚያስተናግደው ሰው ሠልጥኖ ሲያበቃ፣ እንግዳው ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ የሚያጠናው ሰው ሳይሠለጥን አርባ ዓመት ያህል ቆየ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ የወጣው ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለፈው የደርግ ዘመን፣ የይለፍ ወረቀቱም ጦርነቱም፣ ለዚህ ዓይነት ጥናት የሚመች አልነበረም።

አሁን ከአውሮፕላኑ ወርደን በእግር እንሂድ።

ጎጃም ቱሪዝም የሚባል ቃል ከመምጣቱ በፊት መንገደኛ የሞላበት አገር ነበር። ከመንገደኞቹ ሁሉ ቀድሞ መነሣት ያለበት የቅኔ ተማሪው ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርታቸው በመላ ኢትዮጵያ የታወቁ ስለሆኑ፣ ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከጎንደር ወጣቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአንድ መምህር ጉባኤ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ሲመሽበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ይላል። ባለቤቷ እግሩን ታሳጥበዋለች፤ መደብ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ቆሎ ካለ ቆሎ፣ እንጀራ ካለ እንጀራ ታቀርብለታለች። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የምትሠራው የተማሪ ጎጆ መኝታውም የንባብ ክፍሉም ናት። ይህ ሁሉ በማንም ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ማን ማንን ያሳድራል፣ ለስንት ቀን፣ እንግዳውስ በምላሹ ምን ይሰጣል፤ ለዚህ ሁሉ ልክ ነበረው። ተማሪው ዳዊት ይደግማል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያየውን አገር ወሬ ያወራል። የእንግዳ አቀባበል ኢኮኖሚ ብለን በመማሪያ መጽሐፍ የምናስተምረው ነገር፣ ሒሳቡ በሌላ ገንዘብ ተሰልቶ፣ በገጠሩ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር።

እነዚህ ተማሪዎች ከዘመናዊው የማስተርስ ተማሪ ጋር የሚያመሳስላቸው ነገር እንዳለ አንዳንድ ጊዜ ይታየኛል። ሁለቱም ለትምህርት አገር ያቋርጣሉ። ልዩነቱ፣ የቅኔው ተማሪ የሚያልፍበትን መንደር ሳያውቅ ምሳውን አያገኝም፤ የእኛው ተማሪ ግን የሚያጠናውን መንደር ሳያድርበት ዲግሪውን ሊያገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ነጋዴው ይመጣል። ቡሬ የዳሞት የገበያ ከተማ ናት፤ ከዚያ የሚወርደው መንገድ ወደ ዓባይ ቆላ ይዘልቃል፣ ዓባይን ተሻግሮም ወለጋ ይገባል። ሲራራ ነጋዴው አጋሰሱን እየነዳ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ በታወቀ ሠፈር እየሠፈረ የሚሄድበት ሥርዓት ለዘመናት የኖረ ነው። ዛሬ የቡሬ ነቀምት መንገድ የሚከተለው የዚያን አቅጣጫ ነው። በቅርብ ዓመታት ቡሬ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶባታል፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በዚያ ካምፓስ አለው። የኢንዱስትሪ ፕላን አውጪዎች ቡሬን ሲመርጡ ያዩት መንገድ የሚገናኝባትና እህል የሚሰበሰብባት መሆኗን ነው። የእኛ ሙያ ያንኑ መስቀለኛ መንገድ የምሳ ማቆሚያ አድርጎ ማየቱን አልተወም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሊባልለት የሚገባው ግን ግሽ ዓባይ ነው። ከአውራ ጎዳናው ከቲሊሊ ተገንጥሎ ወደ ሰከላ የሚወስደው መንገድ፣ ጊልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ከሚወርደው ወንዝ ምንጭ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1618 የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ምንጩን አየ። የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ራሱ እስከ ሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ሳይታተም ቢቆይም፣ ስለ ምንጩ ያለው ክፍል በአውሮፓ በ1652 ታትሞ ነበር። ከእርሱ 152 ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። ብሩስ ከእርሱ በፊት አውሮፓዊ እንዳልደረሰበት አጥብቆ ይከራከር ስለነበር የፓኤዝን ምስክርነት ለማጣጣል ብዙ ቀለም ጨርሷል።

የብሩስን ትረካ ከታሪክ ይልቅ በሙያችን ዓይን ማንበብ ይጠቅማል። መሪው ወልዶ ምንጩን ከማሳየቱ በፊት ወገቡ ላይ የነበረውን ቀይ መቀነት ተቀበለው፤ የአስጎብኚ ክፍያ መሆኑ ነው። የአገሩ ሰዎች ሥፍራው የተቀደሰ ስለሆነ ጫማውን እንዲያወልቅ ጠየቁት፤ አወለቀ። ያንን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ያገኘው ግን በረግረግ መካከል ያለች የሣር ደልዳላና ትንሽ ምንጭ ነበረች። በመጀመሪያ በደስታ ሰከረ፤ በውኃው ለንጉሡ ጤና ጠጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጥልቅ ኀዘን እንደወደቀበት ራሱ ጽፏል። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር፣ ብሩስ ሊያይ የመጣው ካርታውን ነው፤ ሥፍራውን አልነበረም።

የአገሩ ሰው ግን ወደዚያው ምንጭ ሲሄድ ኀዘን አይወድቅበትም፤ ሊያይ ሳይሆን ሊጠመቅ ይሄዳልና። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ ዘርዐ ብሩክ በተያዙ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለሱ አንዲት ገጽ እንኳ ሳትርስ ተቀብለዋል። ጠበሉ፣ የሚካኤልና የጻድቁ በዓል፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣው ምዕመን፣ የሚያሳድረው ዘመድ፣ በመንገድ ዳር ቆሎና ጠላ የምትሸጠው እናት፤ ይህ ሁሉ በአንድነት ሲታይ ቱሪዝም ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የመለሰው ሮም ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተባበሩት መንግሥታት በሮም ስለ ዓለም አቀፍ ጉዞና ቱሪዝም ባደረገው ጉባኤ ጎብኚ ማን እንደሆነ ትርጓሜ ሲሰጥ፣ ከሚኖርበት አገር ወደ ሌላ አገር የሚሄደውን ሰው ብቻ ነበር የቆጠረው። በትርጓሜው ዓላማ መሠረት ትክክል ነው። በአገር ውስጥ የሚጓዘውን ሰው የሚያካትት የተሟላ የስታቲስቲክስ ትርጓሜ በኦታዋ ጉባኤ ላይ የመጣው በ1991 ነው። በነዚህ 28 ዓመታት ውስጥ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ቱሪስትን በቦሌ በር መቁጠር ለመዱ፤ ልማድ ደግሞ ትርጓሜው ከተለወጠ በኋላም ይኖራል።

አንድ የማስተርስ ተማሪ ከሰከላ ተመልሶ ያጫወተኝን እዚህ ላይ ባነሣ አይከፋም። በሚካኤል ዕለት ግቢው በሰው ተጨናንቆ ሳለ አንድ አረጋዊ ካህን አግኝቶ፣ «አባቴ፣ እዚህ ቱሪስት ይመጣል?» ይላቸዋል። እርሳቸውም፣ «ቱሪስትስ የለም፣ ልጄ፤ ዱሮ አንዳንድ ፈረንጅ ብቅ ይል ነበር» ይላሉ። ተማሪው በመጠይቁ ላይ «የጎብኚ ፍሰት የለም» ብሎ ጻፈ። በዚያች ሰዓት ከፊቱ የነበረው ሕዝብ በአካባቢው ካሉት አልጋዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ተማሪው ሰነፍ አልነበረም፤ የተማረውን በሚገባ ሠራበት። ጥፋቱ በተማረው ላይ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገዱ ማንኩሳን ያቋርጣል። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚያልፋት ይህች ከተማ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርባት የማንኩሳ ሚካኤል አገር ናት። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ በዛብህን እንደ ጎረቤቱ አወቀው። በሌላ አገር አንድ ታላቅ ልብ ወለድ የተጀመረበት መንደር ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መሳለሚያ ይሆናል። ማንኩሳ ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው የውጭ አገር ብድር አይደለም። መጽሐፉን ያነበበው ኢትዮጵያዊ ነው፤ በአውቶቡስ መስኮት ማንኩሳን አይቶ ስሟን የሚያውቀውም እርሱ ነው። በዚያው ሥፍራ በ1933 የነበረው የምሽግ ውጊያ ሲጨመርበት፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻውን ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ይዘት አለው። መንገደኛው የት ይወርዳል፣ ለስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ምን ይገዛል፣ ገንዘቡ ማን ዘንድ ይቀራል፤ እነዚህን ለማወቅ በአውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ወር መቀመጥ ይበቃል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ትምህርቱ ዓይን ነው። ፖሊሲ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ደግሞ ጢስ ዓባይ ያሳያል። ለብዙ ዘመን በምዕራብ ጎጃም ሥር በተዳደረው በባሕር ዳር ዙሪያ የሚገኘው ይህ ፏፏቴ ከታሪካዊው መሥመር ዋና መስሕቦች አንዱ ነበር፤ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ በእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ኪስ ይዞር ነበር። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1950ዎቹ ሲሠራ ውኃው ለሁለቱም በቅቷል። በኋላ ግን የጣናን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1988፣ ሁለተኛው ማመንጫ በ1993፣ ውኃውን ወደ በለስ የሚመራው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በ2002 ሥራ ሲጀምሩ፣ ፏፏቴው ከክረምት ውጭ የቀድሞ ጥላው ሆነ። ኤሌክትሪክ አያስፈልግም የሚል ሞኝ የለም። ጥያቄው፣ የመብራቱ ወገን የውኃውን መጠን በሜትር ኩብ ሲያቀርብ፣ የቱሪዝሙ ወገን ፏፏቴው ለጢስ ዓባይ ገበሬ፣ ለጀልባ ቀዛፊው፣ ለመሪ ልጆቹና ለባሕር ዳር ሆቴሎች ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቁጥር የሚያቀርብ ሰው ነበረው ወይ ነው። የፖሊሲና የፕላን ሊቅ የሚያስፈልገው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሁለቱ ማመንጫዎችና ግድቡ ሲወሰኑ የቱሪዝም ፖሊሲ የሚባል የተጻፈ ሰነድ ገና አልነበረም። ብሩም በኋላ ሳንቲም ሆነ፤ ሥዕሉ ከኪሳችን ወጣ።

ከ2001 ዓ.ም. ፖሊሲ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቱሪዝም ልማትና ሥራ አመራር የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል፤ የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም የቱሪዝም ትምህርት ክፍሎች አሏቸው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የሚያገለግል ብሔራዊ የዘላቂ ቱሪዝም ማስተር ፕላን ወጣ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ቱሪዝም ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። በላሊበላ አካባቢ በመቄት ገበሬዎች ራሳቸው እንግዳ የሚያሳድሩበት የ«ተስፋ» የጉዞ ሥራ፣ ከሐውልቱ ሳይሆን ከመንደሩ የሚነሣ ፕላን እንደሚቻል በተግባር አሳየ።

ይሁን እንጂ በፈታኝነት የተቀመጥሁባቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች ሳስታውስ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ርእሱ ብዙ ጊዜ የአንድ ቦታ የቱሪዝም ችግሮችና ተስፋዎች ይላል። ሁለተኛው ምዕራፍ የበትለርን የመስሕብ ዕድሜ ዑደትና የመርፊን የኅብረተሰብ አቀራረብ ያስተዋውቃል። ሦስተኛው አምስት መልስ ያለው መጠይቅ ነው፤ ከ«እጅግ እስማማለሁ» እስከ «ፈጽሞ አልስማማም»። መደምደሚያው መሠረተ ልማት ይስፋፋ፣ ማስታወቂያ ይጠናከር ይላል። የቦታው ስም ቢለወጥ ጽሑፉ ለሌላ ወረዳ ያገለግላል። የበትለር ዑደት ደግሞ፣ ጎብኚው አስቀድሞ በሌለበት ሥፍራ ይጀምራል፤ ግሽ ዓባይ ላይ ጎብኚው ሳይቋረጥ ሲመጣ ዘመናት አልፈዋል። ተማሪው መሣሪያው ከሥፍራው ጋር እንደማይገጥም ቢጽፍ ኖሮ፣ ከመቶ መጠይቅ የበለጠ ለዕውቀት ባበረከተ ነበር። እንዲህ የሚጽፉ ተማሪዎች የሉም አልልም፤ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ አማካሪዎቻቸውም ሁልጊዜ አያበረታቱአቸውም። ከነዚህ አማካሪዎች አንዱ እኔ መሆኔን መሸሸግ አይገባኝም።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ መንገድ በተዘጋበት ዘመን ስለ መንገደኛ ማጥናት ምን ይሉታል ይል ይሆናል። በእርግጥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ባለሥልጣን ጠቅሰው ዘገቡ። የሰላም መንገድ የሚል ስም በተሸከመች ከተማ ላይ ይህ መድረሱን ለመጻፍ ብዕር ያመነታል። ከዚያ ወዲህ አስጎብኚው ሥራ ፈትቷል፤ ሆቴሉ አልጋውን አጥፏል፤ የቅኔ ተማሪውና ጠበልተኛው መንገድ ከመግባታቸው በፊት መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ መንገዱ ደኅንነት ሆኗል።

ነገር ግን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ሁንሲከርና ክራፕፍ መጽሐፋቸውን የጻፉት አውሮፓ በእሳት ስትነድ፣ በስዊስ ሆቴሎች የውጭ አገር እንግዳ በጠፋበት ጊዜ ነው። ባዶው ዓመት ለእነርሱ የጥናት ዓመት ሆነ። እንግዳ ሲጎርፍ ማንም አይቀመጥም፤ ሁሉም አልጋ ያነጥፋል። ስለዚህ የቱሪዝም ፖሊሲ ተማሪ በዚህ ጊዜ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። በየደብሩ የቆዩ አባቶች ሳያልፉ የተሳላሚውን መንገዶችና የማደሪያ ሥርዓቱን መመዝገብ፣ የ1933ቱን የውጊያ ሥፍራዎች ከአርበኞች ልጆች አፍ መስማት፣ ጦርነቱ በየከተማው በሆቴልና በምግብ ቤት ሠራተኞች ኑሮ ላይ ያደረሰውን ማጥናት ሁሉ ጎብኚ ሳይኖርም ይቻላል። ሰው በሰላም ሊደርስበት በማይችል ሥፍራ ግን ተማሪን መላክ ተገቢ አይደለም፤ ይህን የአማካሪው ኃላፊነት አድርጎ የሚደነግግ መመሪያም ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የማስተርስ ጽሑፎቻችን የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ሰከላ የተጻፈውን የሰከላ የባህልና ቱሪዝም ሠራተኛ በችግር ያነበዋል፤ መጠይቁን የመለሱት ካህን ደግሞ ፈጽሞ አያነቡትም። ማኅበሩ ከአባላቱ መካከል ፈቃደኞችን መርጦ፣ ስለ አንድ ወረዳ የተሠራ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ጥናት ከዐሥር ገጽ ያልበለጠ የአማርኛ ጭምቅ እንዲዘጋጅለት ቢያደርግ፣ አንዱ ቅጂ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ጥናቱ ለተሠራበት ደብር ወይም ቀበሌ፣ አንዱም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ መልካም ይመስለኛል። ሥራውን ከምዕራብ ጎጃም ለመጀመር ከተፈቀደ፣ ከግሽ ዓባይ የሚሚካኤል ዕለት ተመልሶ «የጎብኚ ፍሰት የለም» ብሎ የጻፈው ተማሪ የጥናቱን ጭምቅ ሊያዘጋጅ ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ ያቺን ዐረፍተ ነገር ግን እንደሚያርማት ቃል ገብቷል።